አባቴ ለግሪኩ ዋስ ሲሆኑ

ግሪካዊውን ፈላስፋ መጀመሪያ ያወቅሁት በተከሳሽነት ነው። ሌላው ሰው በዩኒቨርሲቲ ያገኘዋል፤ የድንጋይ ምስሉን በመጽሐፍ ሽፋን ላይ አይቶ፣ ቀስ ብሎ ይተዋወቀዋል። እኔ የደረስኩት ግን መካነ ሰላም፣ ከቤታችን ደጅ ካለው ወይራ ሥር፣ ክሱ ሲነበብበት ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። በዚህ ትዝታ የማንንም ስም ላልጠራ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ እሱን ብቻ ብጠራ አድልዎ ይሆንብኛል። ደግሞ ማንነቱ አይጠፋችሁም። በአቴና ገበያ በባዶ እግሩ እየዞረ ሰውን በጥያቄ ሲያፋጥጥ የኖረው፣ አንዲት መስመር እንኳ ሳይጽፍ በሰባ ዓመቱ መርዝ ጠጣ ተብሎ የተፈረደበት ሽማግሌ ነው።

አባቴ ነገረ ፈጅ ነበሩ። ለሰው ይሟገታሉ፣ አቤቱታ ያጽፋሉ፤ ወንድማማቾች በድንበር ሲጣሉ እስከ ከላላ ድረስ በበቅሎ እየተጠሩ ይሄዳሉ። ያደጉበት ችሎት የድሮው ነው። ያን ጊዜ ተሟጋች ጋቢውን አደግድጎ፣ በትሩን ሰብቆ፣ «ተጠየቅ!» እያለ ቤት በሚመታ ንግግር ባላጋራውን መፈናፈኛ ያሳጣል። ወረቀትና ቴምብር ከመጣ ወዲህ ግን የተከፉ ሰው ነበሩ። «አሁንማ የሚሟገተው ወረቀቱ ነው፤ ሰውዬው ቆሞ ያያል» ይሉ ነበር። በዚያ ላይ ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር የማነብላቸውም የምጽፍላቸውም እኔ ነበርኩ፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ አንድ ልጃቸው።

ከቤታችን ጎን ያለችውን ክፍል የተከራየው የታሪክ መምህር ነበር። ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የመጣ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ቀጭን ወጣት። አንድ እሑድ ወይራው ሥር ተቀምጦ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲገልጥ አባቴ ኮሽታውን ሰምተው ምን እንደሚያነብ ጠየቁት። መምህሩ ብልህ ነው፤ ፈላስፋ አላለም።

«ስለ አንድ ተከሳሽ ነው፣ አባባ» አለ።

አባቴ ቀና አሉ። «ማን ከሰሰው? በምን?»

«ሦስት ሰዎች ናቸው። የአገሩን አማልክት አላከበረም፣ ወጣቱንም አበላሸ ብለው።»

«ዳኞቹስ ስንት ናቸው?»

«አምስት መቶ ያህል።»

«አምስት መቶ! ይሄማ ገበያ እንጂ ችሎት አይደለም!»

በዚህ ተጀመረ። መምህሩ እየተረጎመ ይነግረናል፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ በሚቀጥለው እሑድ ያለፈውን አነባለሁ፤ ልክ እንደ መዝገብ። አባቴ ሁለተኛውን ክስ ሲሰሙ በትራቸውን መሬት መትተው «ተበላሸ የተባለው ልጅ የታለ? ይቅረብ! አባቱ ይመስክር!» አሉ። መምህሩ ጭኑን መታ። ሰውዬውም እኮ ዳኞቹ ፊት ይህንኑ ነበር ያለው። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግሪኩን እንደ ሥራ ባልደረባ ያዩት ጀመር።

እናቴ ከውስጥ ሆና ትሰማ ነበር። የልምድ አዋላጅ ነበረች። የግሪኩም እናት አዋላጅ እንደነበረች፣ እሱም ራሱን የሐሳብ አዋላጅ አድርጎ ያይ እንደነበር፣ የሚያስተምረው የራሱን ሐሳብ ሰጥቶ ሳይሆን ሰው በሆዱ የያዘውን በጥያቄ እያወጣ እንደሆነ መምህሩ ሲናገር፣ ብቅ አለችና «እንግዲያው የጨዋ ልጅ ነው። የሞተ ሐሳብስ ሲወለድ ምን ያደርጋል?» አለች። መምህሩ መጽሐፉን ገልጦ ፈለገ። ያም ጉዳይ እዚያ አለ፤ ባዶ ሐሳብ ሲወለድ ሳያባብል ይነግራቸዋል፣ ስለዚህም ብዙዎች ይጠሉታል። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ እሷም የምታውቀው ነገር ነው።

ክፉው ቀን የመጣው በዚያው ዓመት ነው። መጀመሪያ የረሃቡ ወሬ ደረሰ፣ ከዚያ ሰዎቹ። ከምሥራቅ፣ ዝናብ ከቀረበት አገር፣ ቤተሰብ ሆነው ይመጣሉ፤ ገበያው ዳር ይቀመጣሉ፤ በማግስቱ ከመካከላቸው የጎደለ ይኖራል። የአባቴ ሥራ ቆመ። የተራበ ሰው በድንበር አይሟገትም። ስለዚህ እሑድ ብቻ የነበረው የግሪኩ ችሎት በሳምንት ሦስት ቀን ሆነ። ጎረቤታችን ጨው ነጋዴውም ይመጣሉ። ሙስሊም ናቸው፤ የአባቴ የዕድሜ ልክ ወዳጅ፣ ከአባቴ ጋር ካልተነቋቆሩ ቀኑ የማይመሽላቸው ሽማግሌ።

አንድ ቀን የቅጣቱ ነገር ተነሣ። ጥፋተኛ ነህ ተብሎ ከተፈረደበት በኋላ፣ ቅጣቱን ራሱ እንዲያቀርብ ዕድል ተሰጠው አለ መምህሩ። ሰውዬው ታዲያ ምን አለ? ለከተማው ስለሠራሁት መልካም ሥራ የሚገባኝ በመንግሥት አዳራሽ በነፃ እየበላሁ መኖር ነው አለ። መምህሩ እስክንስቅ ጠበቀ። ተማሪ በነበረበት ጊዜ ክፍሉ ሁሉ በሳቅ እንደፈረሰ ነግሮኛል፤ በዳኞቹ ዳኝነት ላይ ማላገጡ ነው።

ማንም አልሳቀም። በአጥራችን በኩል ከረሃቡ የሸሹ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ነበር።

«ርቦታል፣ ሚስኪን» አሉ ጨው ነጋዴው።

«ስንት ቀን ቢጦም ነው ዳኛ ፊት ምሳ የሚለምነው?» አለች እናቴ።

አባቴም ፈረዱ፦ «ለተራበ ሰው ፍርድ አይሰጥም። መጀመሪያ ይብላ። ችሎቱ ይቀጠር!»

መምህሩ ሊያስረዳን አፉን ከፈተና ተወው። በኋላ ያንን ገጽ አራት ጊዜ እንዳነበበው፣ ስለ ሽማግሌው ሆድ ግን አንድም ጊዜ አስቦ እንደማያውቅ ነገረኝ። ተሳስተን ነበር፤ አሁን መጽሐፉን እኔም አንብቤዋለሁ፣ ሰውዬው አልራበውም። ያም ሆኖ በዚያ ስሕተት እስካሁን አላፍርም። እናቴ ተነሥታ ገባች፤ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ ወጥታ ለሁለቱ ሰዎች ሰጠች። በማግስቱም ሰጠች። ከመጡት መካከል አንዲት ነፍሰ ጡርም አዋለደች። ከረሃቡ ጋር የመጣው ተስቦ ነበር፤ እናቴን በአሥራ አንድ ቀን ወሰዳት።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ጠላሁት። መምህሩንም ጠላሁት። ያንን ምሳ ባያነሣብን እናቴ ሰፌዱን ይዛ የማትወጣ ይመስለኝ ነበር። ልጅነት ነው፤ መጽሐፉ ባይነበብም እናቴ ትወጣ ነበር። አሁን ቤቱ ውስጥ የቀረነው አባቴና እኔ ነበርን። ጧት ከእንቅልፌ ስነሣ የመጀመሪያ ሥራዬ የአባቴን ትንፋሽ ማዳመጥ ሆነ።

ከአርባዋ በኋላ መምህሩ ራሱ መጽሐፉን ይዞ መጣ። አባቴ ከሰው ጋር መነጋገር ትተው ነበር፤ ጨው ነጋዴው በየቀኑ እየመጡ «አብሽር፣ ያልፋል፣ አላህ ይተካል» ቢሏቸውም ፊታቸውን አይመልሱም። መምህሩ አጠገባቸው ተቀመጠና «አባባ፣ ለተከሳሹ ዋስ ተገኝቶለታል» አለ።

አባቴ ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱና «ማን ነው ዋሱ?» አሉ።

ወዳጆቹ ነበሩ። በገንዘብ እንዲቀጣ እኛ ዋስ እንሁነው ብለው ተነሡ፤ ዳኞቹ ግን እምቢ ብለው ሞት ፈረዱ። ከዚያ በእስር ቤት ሳለ አንደኛው ወዳጁ በማለዳ መጥቶ ጠባቂውን አባብያለሁ፣ ና እንሽሽ ቢለው ሽማግሌው አልሸሽም አለ። መምህሩ ምክንያቱን ከመጽሐፉ ነገረን፦ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህች ከተማ ሕግ ኖሬ፣ ዛሬ ስላልጣመኝ ብቻ ልሽረው አልችልም፤ በደል ከመሥራት በደልን መቀበል ይሻላል አለ። ይህችን የመጨረሻዋን ሐሳብ ደብተሬ ላይ በቀይ አሰመርኩባት። የእጅ ጽሕፈቴ ያማረ ነበር።

አባቴ ግን በምክንያቱ አልተስማሙም። «መጽሐፉ አልገባውም» አሉ። «ሰውዬው ያልሸሸው ዋሶቹ እንዳይያዙበት ነው። ዋስ የሆነለት ሰው አንድ ጊዜ ከተነሣ፣ ተከሳሽ ወዴት ይሄዳል? እግሩ እኮ በወዳጁ እግር ታስሯል።»

«ሕጉን አክብሮ ነው የሚለው፣ አባባ።»

«ሕግ ምን ሆነና? አንዱ ላንዱ ዋስ መሆኑ አይደል?» ተነሡ፤ ከአርባ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋቢያቸውን አደገደጉና በትራቸውን ሰበቁ።

«ቤት ያለ ምሰሶ፣ በሬ ያለ ቀንበር፣
ሰው ያለ ዋስ ቆሞ በምን ይከበር!

እኔ እዚያ ብኖር ዋስ ሦስት ጊዜ ሳይጠራ፣ በአንደኛው ጥሪ ተነሥቼ ዋሱ እኔ ነኝ እል ነበር! ሞትም ቢሆን!»

ጨው ነጋዴው «ወላሂ ይላል፣ አውቀዋለሁ» አሉ። መንገድ አላፊው ሳይቀር ቆሞ ሰማ። ከዚያ ወዲህ በከተማው አባቴን «የግሪኩ ዋስ» እያሉ ማሾፍ ተለመደ፤ አባቴም ደስ ይላቸው ነበር።

ንጉሡ ከወረዱ በኋላ መካነ ሰላምም ቀበሌ ሆነች፤ የውይይት ክበብ ተቋቋመ። ስብሰባው የሚደረገው ከፍርድ ቤቱ ፊት ባለው ሜዳ ነው። አንድ ቅዳሜ ጧት ከደሴ የመጣ ካድሬ ሥልጣን የሰፊው ሕዝብ ሆኗል እያለ ረጅም ንግግር አደረገና ጥያቄ ያለው ካለ አለ። መምህሩ እጁን አወጣ። ፊቱን አውቀዋለሁ፤ የምሳውን ገጽ ሲያነብልን ያየሁት ፊት ነው።

«ሥልጣን የሕዝቡ ነው ብለዋል?»

«አዎ።»

«እኔ ከሕዝቡ ነኝ?»

«ነህ እንጂ።»

«እነዚህም ሁሉ?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያው እኛ ሁላችን ብንስማማ እርስዎን መሻር እንችላለን?»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አስበልጠው የሳቁት አባቴ ነበሩ፤ ከእናቴ ሞት በኋላ እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። መምህሩን የጎዳው ጥያቄው ሳይሆን ያ ሳቅ ይመስለኛል። ሰው ጥያቄን ይረሳል፤ የተሳቀበትን ግን አይረሳም።

በሳምንቱ ተያዘ። በቀጣዩ ቅዳሜ ሕዝቡ በዚያው ሜዳ ተጠራ። ጨው ነጋዴው ከላላ ገበያ ሄደው ነበር። አባቴና እኔ ከፊት፣ በአንድ ዛፍ ጥላ መሬት ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ክሱ ተነበበ፦ የአብዮቱን ዓላማ ማንኳሰስ፣ ወጣቱን መመረዝ።

አባቴ ክንዴን ያዙ። «ይሄን ክስ አውቀዋለሁ» አሉ በሹክሹክታ። «ጽፈሽዋል። ደብተርሽ ላይ አለ።»

የቀበሌው ሊቀመንበር የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ አባቱ ለአባቴ ደንበኛ ነበሩ። አብዮት መጣ አልመጣ፣ የአገሬው ሰው አፉ ላይ ያለው ልማድ አልለቀቀውም። ክሱ እንዳለቀ በካድሬው በኩል ገልመጥ አለና «ዋስ ጥራ!» አለው መምህሩን። ዋስ ከተገኘለት እዚሁ ይሰነብታል፤ ካልተገኘ በከሰዓቱ መኪና ደሴ ይወሰዳል። ደሴ የሄደ ደግሞ በዚያን ጊዜ እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል። ዋስ የሆነም ሰው በአብዮቱ ጠላትነት አብሮ እንደሚጻፍ ሁሉም ያውቃል።

መምህሩ ማንንም አልጠራም። ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ማንን ይጥራ? ወደ እኛ እንኳ አላየም፤ አውቆ እንዳላየ አሁን ይገባኛል። ሊቀመንበሩ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ዋስ የሚሆን ሰው አለ?» አንድ ጊዜ ጠራ።

አንገቶች ሁሉ ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ አይታያቸውም፤ ግን የሚያውቁት ይመስለኛል። በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው ሊነሡ ተደገፉ። ጋቢያቸው ግን አልተነሣም። ጫፉ ላይ እኔ ተቀምጬበት ነበር።

ሳላውቀው አልነበረም። ክሱ ሲነበብ ነው ወደ እሳቸው ጠጋ ብዬ ጫፉን ከሥሬ ያደረግሁት። የምጠብቀው ትንፋሽ አንድ ብቻ ነበረኝ።

«ሁለተኛ! ዋስ የሚሆን አለ?»

አባቴ ጋቢውን ሳቡ። አልተነቃነቅሁም። ደግመው ሳቡ፣ ጠንከር አድርገው፤ ክብደቴን ሁሉ ጣልኩበት። ነገረ ፈጅ ያለ ጋቢ ሸንጎ ፊት አይቆምም፤ ቢጥሉት ኖሮ ግን መቆም ይችሉ ነበር። «ምን ያዘው?» አሉኝ። «የዛፉ ሥር ይዞት ነው፣ አባዬ» አልኳቸው። እጃቸው በጋቢው ላይ ቆመ።

ሦስተኛው ጥሪ ሲሰማ ተቀምጠው ነበር።

መምህሩ መኪናው ላይ ሲወጣ ዞር ብሎ አየን። ዐይኑ ከአባቴ ፊት ወረደ፣ ጋቢውን ተከተለ፣ እኔ ጋ ደረሰ። በፊቱ ላይ ምን እንዳየሁ ስንት ዓመት ራሴን እንደጠየቅሁ! ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከመኪናው ጠርዝ ላይ በእጁ አፉን ሸፈነ፤ ልክ ሲስቅ እንደሚያደርገው። ይሳቅ ያልቅስ እስከዛሬ አላውቅም። አልተመለሰም። አንዱ ሞተ አለ፣ ሌላው በሱዳን በኩል ወጣ አለ፤ የመጣ ደብዳቤ የለም።

ጨው ነጋዴው ከከላላ ሲመለሱ ወሬውን ሰምተው በቀጥታ እኛ ዘንድ መጡ። «አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው? ወላሂ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት የፎከርከው አንተ አይደለህም?» አሏቸው። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አባቴ ሥሩ ያዘኝ ሊሉ ይችሉ ነበር፤ እኔ ያቀበልኳቸው መከላከያ ነው። በሕይወታቸው መልስ አጥተው የማያውቁት ሰው ግን አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ።

«ፈራሁ» አሉ።

በከተማው ማንም ደግሞ «የግሪኩ ዋስ» ብሎ አልጠራቸውም። ሙግት የሚሰጣቸውም ጠፋ፤ የፈራ ጠበቃ ምን ይሠራል? በየሰርጉና በየለቅሶው ሰው ሲያንሾካሹክ እየሰሙ ተቀመጡ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተምሬ ጨረስኩ፣ አስተማሪ ሆኜ በዚያው በተማርኩበት ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። የመምህሩ መጽሐፍ ክፍሉ ውስጥ ቀርቶ ነበር። እንግሊዝኛዬ ሲደርስ የቀረውን ለአባቴ አነበብኩላቸው። ሽማግሌው ጽዋውን እንደ ተራ ውሃ ጨልጦ፣ የሚያለቅሱትን ወዳጆቹን ተቆጥቶ፣ በመጨረሻ ለአንድ አምላክ ዶሮ መስጠት ስለነበረበት እንዳትረሱ ብሎ አደራ አለ። መጽሐፉ የዶሮው ትርጉም አከራካሪ ነው ይላል። አባቴ ተገረሙ፤ «ምኑ ያከራክራል? ስለት ነበረበት» አሉ።

ያቺን በቀይ ያሰመርኩባትን መስመር ግን አላነበብኩላቸውም። ያንን ገጽ ዘልዬ ነው ያነበብኩት። ተማሪዎቼ ስለ ፈላስፋው ሲጠይቁኝና አንዱ ጎረምሳ ተነሥቶ እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር ሲል፣ ለምን እንደምቆጣ አያውቁም። ራስን ሳይመረምሩ መኖር ኑሮ አይደለም ብሎ ነበር ሰውዬው። መርምሬዋለሁ። አባቴን አተረፍኩ፤ ለዚያ ግን የማከብረውን ሰው ጣልኩ፣ የአባቴንም ቃል ቀበርኩ። ዛሬ ቢደገም ከጫፉ ላይ እነሣ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ይህ ነው የሚያሳፍረኝ።

አባቴ አርጅተው፣ በአልጋቸው ላይ ሳሉ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ውሃ ላጠጣቸው አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ሁለት ጉንጭ ጠጥተው ኩባያውን መለሱልኝ። ከዚያ እጃቸው በለበሱት ጋቢ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ጫፉን ፈለገ፣ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ልጄ፣ ጋቢዬ ላይ ተቀምጠሻል» አሉ።

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ትንሽ ሳቅ ነበረበት፤ ባላጋራቸው ያላየውን ማስረጃ ይዘው ሲቆዩ የሚሰማባቸው ዓይነት። ያኔ ገባኝ። ሥር እንዳልያዘው ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር። ጨው ነጋዴው ፊት «ፈራሁ» ያሉት፣ ያን ሁሉ ዓመት በየለቅሶው የፈሪን ስም ተሸክመው የተቀመጡት፣ ለእኔ ዋስ ሆነው ነው።

እያለቀስኩ ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተይው፣ ተቀመጪ» አሉ። «አሁን የምነሣለት የለም።»